በብረት የተመረዘ መሬትና የብስባሽ ሒሳብ

መሬት በሊዝ ለመውሰድ ወይም ይዞታ ያለው ድርጅት ለመግዛት የተነሳ ነጋዴ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ካርታው ንጹህ ነው ወይ? የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ የለበትም ወይ? መንገድ፣ ውኃና መብራት ይደርሰዋል ወይ? ስለ አፈሩ ከተነሳም ጥያቄው «ያበቅላል ወይ?» ከሚለው አያልፍም። ይሁን እንጂ በከተማ ዳርና በፋብሪካ አካባቢ ያለ መሬት በካርታ ላይ የማይጻፍ፣ ደላላው የማያውቀው፣ ሻጩም ቢያውቀው የማይናገረው ሌላ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል።

ይህ ዕዳ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ ዚንክ፣ መዳብና ኒኬልን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች በአፈሩ ውስጥ ተጠራቅመው የሚፈጥሩት ብክለት ነው። ዓይን አያየውም፣ አይሸትም። መሬቱም ለምለም ሆኖ፣ ቆስጣው ሰፊ ቅጠል አውጥቶ ሊታይ ይችላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ምርቱ ላቦራቶሪ ሲገባ ወይም ከብዙ ዓመታት በኋላ በበላተኛው ኩላሊትና አጥንት ላይ ነው።

ለዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት «ብስባሽና ፍግ ጨምርበት፣ መሬቱ ይድናል» የሚል ነው። ምክሩ ርካሽ ስለሆነ ለሻጩም ለገዢውም ደስ ያሰኛል። ግማሹም እውነት ነው። ቀሪው ግማሽ ግን በሚገባ ካልተጤነ ገንዘብ የሚያስከፍል፣ ስምንም የሚያጠፋ ነው። ስለሆነም ብስባሽ በተመረዘ አፈር ላይ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ለይቶ ማወቅ ለአትክልት ነጋዴው፣ ለደላላውና ለባለሀብቱ ጠቃሚ ይሆናል።

ብረት አይበሰብስም

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ከባድ ብረት ከሌሎች ብክለቶች የተለየ መሆኑ ነው። ናፍጣ ወይም ዘይት በመሬት ላይ ቢፈስ በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሰባብረው ሊጨርሱት ይችላሉ። የፀረ ተባይ መድኃኒትም አብዛኛው በጊዜ ብዛት ይፈራርሳል። እርሳስና ካድሚየም ግን ንጥረ ነገር ስለሆኑ አይፈራርሱም፣ አይበሰብሱም፣ አይተኑም። ከመሬቱ የሚለቁት በውኃ ታጥበው፣ በንፋስ ተወስደው፣ በሰብል ተመጥጠው ወይም ተቆፍረው ሲወሰዱ ብቻ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የምርምር ተቋም ሥር በዎበርን የተካሄደው የአትክልት እርሻ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1961 ድረስ በሙከራው መደቦች ላይ ከከተማ ፍሳሽ የተገኘ ዝቃጭ በማዳበሪያነት ሲጨመር ቆየ። ዝቃጩ በውስጡ ካድሚየምና ዚንክ ነበረበት። ማዳበሪያው ከቆመ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ከዝቃጩ ጋር ከመጣው ብረት አብዛኛው እዚያው በላይኛው አፈር ውስጥ ተገኝቷል። ማዳበሪያው በልቶ አልቋል፣ ብረቱ ግን ቀርቷል።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር በአፈር ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ አንድ ዓይነት ጉዳት የማያደርስ መሆኑ ነው። ከፊሉ ከማዕድኑ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠ ሲሆን ከፊሉ ደግሞ በአፈሩ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ሥር የሚመጥጠው ነው። በነጋዴ ቋንቋ ለማስረዳት ያህል የመጀመሪያው በዝግ ሒሳብ የተቀመጠ ገንዘብ ሲሆን ሁለተኛው በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ነው። ሰብሉን የሚመርዘውና ወደ ጉድጓድ ውኃ የሚወርደው ይኸው ተንቀሳቃሹ ክፍል ነው። የብስባሽ ሥራም በዚህ ክፍል ላይ እንጂ በጠቅላላው መጠን ላይ አይደለም።

ብስባሹ ምን ይሠራል?

በደንብ የበሰለ ብስባሽ በተመረዘ አፈር ላይ አራት ዋና ዋና ሥራዎች ይሠራል።

አንደኛ፣ ብረቱን ይይዛል። ብስባሽ ሲበስል የሚፈጠረው ጥቁር ነገር፣ ሂዩመስ የሚባለው፣ በላዩ ላይ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው። በአፈሩ ውኃ ውስጥ ሟሙተው የሚገኙት እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ዚንክና መዳብ ደግሞ አዎንታዊ ሙል ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ይሳሳባሉ፣ ይጣበቃሉ። በተለይ እርሳስና መዳብ ከሂዩመስ ጋር ያላቸው ቁርኝት ጠንካራ ሲሆን የካድሚየምና የዚንክ ግን ላላ ያለ ነው።

ሁለተኛ፣ የአፈሩን አሲድነት ሊያበርድ ይችላል። አሲድነት በጨመረ ቁጥር አብዛኞቹ ብረቶች ይሟሟሉ፤ አሲድነቱ ሲቀንስ ደግሞ ይረጋሉ። ብስባሹ ብቻውን በቂ ካልሆነ የግብርና ኖራ አብሮት ይጨመራል። በጣም አሲዳማ በሆነ አፈር ላይ ብስባሽ ያለ ኖራ ብዙም አይረዳም።

ሦስተኛ፣ የክሮሚየምን ጠባይ ሊለውጥ ይችላል። ክሮሚየም በሁለት መልክ ይገኛል። ቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት የሚጠቀሙበት ባለ ሦስት ሙሉ ክሮሚየም ሲሆን እሱ በአፈር ውስጥ ብዙም አይንቀሳቀስም። ባለ ስድስቱ ግን የሚሟሟ፣ የሚንቀሳቀስና ካንሰር የሚያመጣ ነው። ብስባሽ ባለ ስድስቱን ወደ ባለ ሦስቱ የመመለስ ባሕርይ አለው።

አራተኛ፣ መሬቱን መልሶ ሕይወት ይዘራበታል። አፈሩ ውኃ ይይዛል፣ ሣር ያበቅላል፣ ትላትልና ጥቃቅን ሕዋሳት ይመለሱበታል። መሬት በሣር ሲሸፈን የተመረዘው አፈር አቧራ ሆኖ ወደ ጎረቤት ቤት፣ ደለል ሆኖም ወደ ወንዝ መሄዱ ይቀንሳል። በእርሳስ ብክለት በኩል ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ምክንያቱም እርሳስ በሥር በኩል ወደ ቅጠል የሚወጣው ጥቂት ሆኖ ሕፃናትን በዋናነት የሚጎዳው በአቧራና በእጃቸው በሚገባ አፈር አማካይነት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች አሉ። ያልበሰለ ፍግና ጥሬ ቆሻሻ በውኃ የሚሟሟ ካርቦን ስለሚለቅ መዳብን አብሮ ይዞ ወደ ታች ሊያወርደው ይችላል። አርሴኒክ ደግሞ ከሌሎቹ በተቃራኒ የሚሄድ ነው፤ ኖራና ፎስፌት ሲጨመርበት ከመርጋት ይልቅ ሊለቀቅ ይችላል። ስለዚህ በአፈሩ ውስጥ የትኛው ብረት እንዳለ ሳይለዩ ብስባሽና ኖራ መደፋት ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

የአንድ ሄክታር ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር ማየቱ ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሄክታር የአትክልት መሬት ይወሰድ። የሚታረሰው የላይኛው አፈር 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው መጠኑ 2,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንዱ ሜትር ኩብ 1.25 ቶን ቢመዝን ጠቅላላው አፈር 2,500 ቶን ነው። በዚህ አፈር ውስጥ በአንድ ኪሎ 3 ሚሊ ግራም ካድሚየም ቢገኝ በሄክታሩ ላይ ያለው ካድሚየም 7.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ለንጽጽር ያህል የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የፍሳሽ ዝቃጭ መመሪያ፣ ዝቃጭ በሚደፋበት የእርሻ አፈር ውስጥ ሊኖር የሚገባው የካድሚየም ጣሪያ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው።

አሁን በዚህ መሬት ላይ በደረቁ 50 ቶን ብስባሽ ይጨመር። ብስባሹ ራሱ በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ካድሚየም ቢኖርበት 50 ግራም ካድሚየም ይዞ ይገባል። ሁለቱ ሲደባለቁ የአፈሩ ካድሚየም በኪሎ 2.96 ሚሊ ግራም ይሆናል። ይህ ማለት 50 ቶን ብስባሽ ተደፍቶም በላቦራቶሪ የሚለካው ጠቅላላ መጠን ከ3 ወደ 2.96 ብቻ ወረደ ማለት ነው። «ብስባሽ ጨምሬበት ብረቱ ጠፋ» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ይህን ሒሳብ ማስታወስ ይበቃል። የሚለወጠው ተንቀሳቃሹ ክፍል እንጂ ጠቅላላው አይደለም።

ታዲያ ለምን አፈሩ ተቆፍሮ አይጣልም? የዚህም ሒሳብ ቀላል ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና 2,000 ሜትር ኩብ አፈር ለማውጣት፣ አፈሩ ሲቆፈር የሚያብጠውን ሳይጨምር፣ 125 ምልልስ ያስፈልጋል። በቦታው ንጹህ አፈር ለማምጣት ሌላ 125፣ በድምሩ 250 ምልልስ ይሆናል። የተቆፈረው አፈርም የሆነ ቦታ መጣል ስላለበት ችግሩ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልተወገደም።

በአንጻሩ በደረቁ 50 ቶን የሆነው ብስባሽ ከእርጥበቱ ጋር 83 ቶን ያህል ይመዝናል፤ በመጠንም ወደ 140 ሜትር ኩብ ይጠጋል። ይህ በዘጠኝ ምልልስ የሚያልቅ ነው። ዘጠኝ ከ250 ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የብስባሽ ዘዴ በዓለም ላይ ተፈላጊ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም የሒሳቡ ሁለተኛ ገጽ መረሳት የለበትም። ብረቱ ዘላለማዊ ሲሆን ብስባሹ ግን ይበሰብሳል፤ በሞቃት አየርና በመስኖ መሬት ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ብስባሹ ሲያልቅ ከያዘው ብረት ከፊሉ እንደገና ሊለቀቅ ስለሚችል መደገም አለበት። በየሦስት ዓመቱ ይደገም ቢባል በ30 ዓመት የሊዝ ዘመን አሥር ጊዜ፣ ማለትም 90 ምልልስ ይሆናል። ከ250 አሁንም ያነሰ ነው፣ ወጪውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጊዜው የሚከፈል ስለሆነ ለካፒታል ይመቻል። ነገር ግን ቁፋሮው አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ሲሆን የብስባሹ ዘዴ መሬቱ እስካለ ድረስ የማያልቅ ክፍያ ነው። በዚህ ላይ የየዓመቱ የላቦራቶሪ ምርመራ ይጨመርበታል። መሬቱን የሚረከበው ሰውም ይህን ግዴታ አብሮ ይረከባል። በሌላ አነጋገር ብስባሽ ዕዳውን አይከፍለውም፣ ያራዝመዋል እንጂ።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት በምትገኘው ፓልመርተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1898 ዚንክ ማቅለጥ ተጀመረ። ከጭስ ማውጫው የወጣው ዚንክ፣ ካድሚየም፣ እርሳስና የድኝ ጭስ ከከተማዋ በላይ ያለውን ተራራ ራቁቱን አስቀረው። ማቅለጫው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲቆም 800 ሄክታር ያህል መሬት ዛፍና ሣር የማይታይበት ሆኖ ነበር። አፈሩን ቆፍሮ ማንሳት የማይታሰብ ስለነበረ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ፣ የድንጋይ ከሰል አመድ፣ ኖራና የሣር ዘር ተደባልቆ በተራራው ላይ ተረጨ። ሣሩ በቀለ፣ አቧራውና ደለሉም ቀነሰ። ብረቱ ግን ከሥሩ አለ።

በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በሌድቪል ከተማ አቅራቢያም ተመሳሳይ ነገር ተሠርቷል። የድሮ ማዕድን ማውጫዎች ዝቃጭ በአርካንሳስ ወንዝ ዳር ተጠራቅሞ የግጦሽ መሬቱን አሲድ አድርጎት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በሄክታር ከ200 ቶን በላይ የፍሳሽ ዝቃጭና ያንኑ ያህል ኖራ ተደፍቶ ሣር እንዲበቅልበት ተደርጓል። ይህ መጠን አንድ ገበሬ ለማሳው ከሚጨምረው ፍግ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ክፉኛ የተጎዳ መሬት የሚጠይቀው መጠን ይህን ያህል ከፍተኛ መሆኑን ያሳያል።

ለባለሀብት ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሰጠው ግን የስፔኑ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1998 በደቡብ ስፔን በአዝናልኮያር የሚገኝ ማዕድን ማውጫ የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ አሲድና ብረት የተሞላ ውኃና ጭቃ በጓዲያማር ወንዝ ዳር ከ4,000 ሄክታር በላይ መሬት አጥለቀለቀ። ከመሬቱ መካከል ብዙው እርሻ ነበር። በመጀመሪያ ጭቃው በማሽን ተነሳ። ቀጥሎ በቀረው አፈር ላይ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኖራማ ተረፈ ምርት፣ ብስባሽና ብረት አዘል ሸክላ ተጨመረበት። አፈሩ በብዙ ቦታ አገግሞ ዛፍ በቀለበት። ሆኖም መንግሥት መሬቱን ከባለቤቶቹ ገዝቶ ወስዶ እርሻ ከልክሎበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተፈጥሮ ጥበቃ ሥፍራ ሆኗል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት «መሬቱ አገገመ» ማለትና «መሬቱ ምግብ ይመረትበት» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው።

ምግብ እንዲመረትበት ሲፈለግ ዋጋው ምን ያህል እንደሚሆን ደግሞ ጃፓን አሳይታለች። በቶያማ አውራጃ በጂንዙ ወንዝ ዳር የሩዝ ማሳዎች ከማዕድን ማውጫ በመጣ ካድሚየም ተመርዘው፣ አጥንትን የሚያልፈሰፍሰውና ኢታይ ኢታይ የሚባለው በሽታ ብዙ ሰው ጎዳ። የጃፓን መንግሥት በሽታው ከካድሚየም ጋር የተያያዘ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1968 አረጋገጠ። ማሳዎቹ ተመልሰው ሩዝ እንዲያበቅሉ አፈሩን በንጹህ አፈር የመተካት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1979 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ2012 ነው። ለ800 ሄክታር ያህል መሬት የወጣው ወጪ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ ነበር።

የአዲስ አበባ ወንዞችና የአትክልት ገበያ

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የአዲስ አበባን የቤት፣ የጋራዥና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዚያም ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላሉ። በነዚህ ወንዞች ዳር ለአሥርተ ዓመታት ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ካሮትና ድንች በመስኖ ሲለማ፣ ለከተማው ገበያም ሲቀርብ ኖሯል። በሞጆ ከተማም ቆዳ ፋብሪካዎች የሚገኙበት ወንዝ ወደ ቆቃ የሚወርድ ነው።

በአዲስ አበባ እርሻዎች ላይ ከተካሄዱት ጥናቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የወጣውና በቄራና በፒኮክ እርሻዎች የበቀሉ ቅጠላ ቅጠሎችን የመረመረው ይጠቀሳል። ጥናቱ ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ አትክልት ሁሉ ብረትን በእኩል የማይመጥጥ መሆኑ ሲሆን ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይበልጥ የሚያሳስቡ ናቸው። ይህ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። ካድሚየም በቅጠል ውስጥ ይከማቻል፤ ቲማቲምን በመሰለ ፍሬ ውስጥ ግን ያንሳል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። «አትክልቱ በደንብ ከታጠበ ችግር የለውም» የሚባለው በከፊል ብቻ ትክክል ነው። በቅጠሉ ላይ የተረጨ አፈር ውስጥ ያለ እርሳስ ሲታጠብ ይቀንሳል። በሥር ገብቶ በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ የተቀመጠ ካድሚየም ግን በውኃም በሎሚም በኮምጣጤም አይወጣም።

የአቃቂ አካባቢ ጥቁር አፈር በአንድ በኩል ዕድለኛ ነው። ሸክላው የበዛ፣ አሲድነቱም ብዙውን ጊዜ መካከለኛ ስለሆነ ብረትን አጥብቆ የመያዝ ችሎታ አለው። ብስባሽ ሲጨመርበት ይህ ችሎታው ይጠናከራል። ችግሩ ሌላ ነው። መሬቱ በየሳምንቱ በተበከለ ውኃ የሚጠጣ ከሆነ ብስባሹ የሚይዘው የትናንቱን ብረት ሲሆን የዛሬውና የነገው ግን እየገባ ነው። ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል መወልወል ማለት ይህ ነው። የውኃው ምንጭ ካልተስተካከለ በአፈሩ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ይባክናል።

ሕጉ በመርህ ደረጃ ግልጽ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ሰው ብክለቱን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል የሚያስገድድ ድንጋጌ ይዟል። በተግባር ግን በወንዝ ዳር መሬት ላይ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት ብረቱን ማን እንደደፋው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ መሬቱን የያዘው ሰው የሌላ ሰው ዕዳ ተሸካሚ ሆኖ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የመረጃ አለመመጣጠን የሚሉት ይኸው ነው፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም፣ ዋጋውም የሁለቱን ዕውቀት ሳይሆን የአንዱን ዝምታ ይዞ ይቆረጣል።

መድኃኒቱ ራሱ ሲመርዝ

ብስባሽ አምርቶ መሸጥ ተስፋ ያለው ንግድ ነው። ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከአንድ መቶ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበት አደጋ ቆሻሻን ሁሉ አንድ ቦታ መከመር የሚያስከትለውን ጉዳት በአሳዛኝ ሁኔታ አሳይቷል። የሚበሰብሰው ተለይቶ ወደ ብስባሽ ቢለወጥ ለከተማውም ለአፈሩም ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ ባትሪ፣ ቀለም፣ ቆርቆሮና የኤሌክትሮኒክስ ስብርባሪ ከተቀላቀለበት ቆሻሻ የተሠራ ብስባሽ ራሱ እርሳስና ካድሚየም ይዞ ሊመጣ ይችላል። የዎበርኑ ምሳሌ እንዳሳየው በማዳበሪያ መልክ የገባ ብረት ተመልሶ አይወጣም። የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚቀላቀልበት መስመር የወጣ ዝቃጭም እንዲሁ ነው። በዚህም ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የማዳበሪያ ምርቶች ደንብ ላይ ለአፈር ማሻሻያ በሚሸጥ ብስባሽ ውስጥ በደረቅ ክብደት በኪሎ ከ2 ሚሊ ግራም በላይ ካድሚየም፣ ከ120 ሚሊ ግራም በላይ እርሳስ እንዳይኖር ከልክሏል።

ንጹህ ጥሬ ዕቃ ከሚባሉት መካከል ከአትክልት ገበያ የሚወጣ ተረፈ ምርት፣ የቡና ገለባ፣ የከብት ፍግና የአበባ እርሻ ግንድ ይገኙበታል። የቡና ገለባን በመሰለ ነገር ላይ አየር ሳይገባ ተከስሎ የሚሠራው ባዮቻር ደግሞ ከብስባሽ ይልቅ ሳይበሰብስ ስለሚቆይ፣ ሁለቱን ቀላቅሎ መጠቀም የመደጋገሙን ወጪ ሊቀንስ ይችላል። ጥሬ ዕቃውን ከምንጩ ለይቶ፣ በየጊዜው በላቦራቶሪ አስመርምሮ፣ ውጤቱን በከረጢቱ ላይ ጽፎ የሚሸጥ አምራች ከሌላው የተሻለ ዋጋ የመጠየቅ መብት አለው።

ገዢው ምን ይጠይቅ?

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው በመነሳት፣ በፋብሪካ ወይም በወንዝ ዳር ያለ መሬት ለማልማት ወይም ከዚያ የሚወጣ አትክልት በቋሚነት ለመረከብ የሚዋዋል ነጋዴ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢያነሳ ይጠቀማል።

አንደኛ፣ የመሬቱ ታሪክ። ቀድሞ ምን ይሠራበት ነበር? ጋራዥ፣ የባትሪ መጠገኛ፣ የብረት ማቅለጫ፣ ቆዳ ማልፊያ ወይም የቆሻሻ መጣያ ነበር ወይ? የአካባቢው ሽማግሌዎች ከካርታው ይልቅ ያውቃሉ።

ሁለተኛ፣ ምርመራው ምን ለካ? ጠቅላላ መጠንን ብቻ ነው ወይስ ተንቀሳቃሹንም? ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው የአፈር ጥበቃ ደንብ ላይ ለአንዳንድ ብረቶች በአሞኒየም ናይትሬት ተሟሙቶ የሚወጣውን ክፍል ለይታ የምትለካው በዚህ ምክንያት ነው። ጠቅላላው የዕዳውን ልክ ሲናገር ተንቀሳቃሹ ደግሞ ዕዳው ዛሬ የሚጠይቀውን ክፍያ ይናገራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የአፈሩ የአሲድነት ልክም መታወቅ አለበት።

ሦስተኛ፣ ናሙናው ከየት ተወሰደ? ከአንድ ጥግ የተወሰደ አንድ ከረጢት አፈር ስለ ሄክታሩ አይመሰክርም። ከብዙ ቦታና ከተለያየ ጥልቀት፣ ሻጩ ሳይሆን ገዢው በመረጠው ባለሙያ መወሰድ አለበት።

አራተኛ፣ የመስኖው ውኃ ተመርምሯል ወይ? ከላይ እንደተገለጸው ውኃው ካልተስተካከለ ቀሪው ሁሉ ከንቱ ነው።

አምስተኛ፣ የሚበላው ክፍል ተለክቷል ወይ? በመጨረሻ ወሳኙ አፈሩ ሳይሆን ቅጠሉ ነው። በኮዴክስ የምግብ ደረጃ መሠረት በቅጠላ ቅጠል ውስጥ በእርጥብ ክብደት በኪሎ ከ0.2 ሚሊ ግራም በላይ ካድሚየም፣ ከ0.3 ሚሊ ግራም በላይ እርሳስ መኖር የለበትም። ለሆቴልና ለውጭ ገበያ የሚያቀርብ ነጋዴ ዕቃው የሚመለስበት በዚህ ቁጥር ነው።

ስድስተኛ፣ መሬቱ ለምን ይዋል? ብረቱ መጠነኛ ከሆነ ብስባሽ ጨምሮ ከቆስጣ ወደ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን መዞር ሊበቃ ይችላል። ከፍ ያለ ከሆነ የአበባ፣ የችግኝና የማገዶ ዛፍ ልማት ያዋጣል። እጅግ ከፍ ያለ ከሆነ ግን በብስባሽና በሣር ሸፍኖ ከምግብ ማራቅ ብቻ ነው የሚሻለው።

እነዚህ ጥያቄዎች ለድርድርም ይጠቅማሉ። ምርመራው ብረት ካሳየ ገዢው የሚጠይቀው የዋጋ ቅናሽ የዛሬውን የብስባሽ ዋጋ ብቻ ሳይሆን እስከ ውሉ ማብቂያ ድረስ የሚደገመውን ብስባሽ፣ የየዓመቱን ምርመራና ቅጠላ ቅጠል ባለማምረቱ የሚቀርበትን ትርፍ ጭምር የያዘ መሆን አለበት። ለዘጠኝ ምልልስ ብቻ ቅናሽ ተቀብሎ የ90 ምልልስ ግዴታ የተሸከመ ሰው ከስሯል።

በአጠቃላይ ብስባሽ የተመረዘን መሬት ከማከሚያ ዘዴዎች ሁሉ ርካሹና ለብዙ ሰው በእጅ ያለው ነው። ብረቱን ያስራል፣ አፈሩን ያድሳል፣ አቧራውን ያስታግሳል። ብረቱን ግን አያጠፋም፤ የሚፈስን ፍሳሽ አያስቆምም፤ ራሱ ንጹህ ካልሆነም ዕዳ ይጨምራል። አትክልት የሚነግድ ሰው የሚሸጠው ለማያውቀው ሰው ብቻ አይደለም። የቆስጣው እስር ዞሮ ዞሮ የራሱም ማዕድ ላይ ይቀርባል። ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ከሚታሰርበት ካፒታል ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነውና ከውሉ ፊርማ በፊት ቢወጣ ይመረጣል።